የግቢ በሬ አንድ ክረምት አላለፈውም፤ ብረቱንም እንጨቱንም ምን ልቀባው? (ሀዋሳ)

ላብ ያለበው በር — ጥቅምት 3፣ ምሽት 2፡15

ሰላም፣ እንዴት አመሻችሁ። አምና ግንቦት ላይ የግቢ በር አሠራሁ። ፍሬሙ አርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ)፣ የታችኛው ግማሽ ላሜራ፣ የላይኛው ደግሞ በአግድም የተደረደረ የዋንዛ ጣውላ ነው። እውነቱን ልናገርና ሲያልቅ ከቤቱ ይልቅ በሩ ያምር ነበር። ብረቱ ቀይ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ የሥር ቀለም) አንድ እጅ፣ ከላዩ ጥቁር ሲንተቲክ (የዘይት ቀለም) ሁለት እጅ ተቀባ። እንጨቱ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ።

ዛሬ አምስት ወሩ ነው። የብየዳው መስመር ላይ ቀለሙ እንደ ቡግንጅ አብጧል፤ ስጫነው ቡናማ ውሃ ይወጣዋል። የታችኛው ጠርዝ በጥፍር ይላጣል። ቫርኒሹ ነጭ ነጭ ብሎ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ነው። ምስማሮቹ ዙሪያ ደግሞ ኩል ተኩላ ያለቀሰች ይመስል ጥቁር እንባ ወርዷል።

ቤቴ ከሐይቁ ብዙ አይርቅም፣ ጠዋት ጠዋት በሩን ላብ ያልበዋል። ጎረቤቴ «የሐይቁ ጨው ነው የበላው፣ ምን ብትቀባው አይቆምም» አለኝ። ሠራተኛው ስልክ ማንሳት ካቆመ ቆይቷል። ሁሉንም ላስልጠው ወይስ ላዩ ላይ ልድገምበት? ምንስ ልግዛ?

ብረት ከብረት — ምሽት 2፡40

ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት ሦስት ነገር ልጠይቅህ። ብረቱ ሳይቀባ በፊት በቲነር ተጠርጓል? የብየዳው ቅርፊት ተራግፏል? አንቲረስቱ ከተቀባ ስንት ቀን ቆይቶ ነው ጥቁሩ የመጣው?

ላብ ያለበው በር — ምሽት 2፡52

ቲነር ሲጠቀሙ አላየሁም። ቅርፊቱን እንጃ። አንቲረስቱ እንደተቀባ በሩ ተተከለ፤ ከዚያ ብር አጠረኝና ሰኔን ሙሉ በቀዩ ቆመ። ጥቁሩ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን ነው የተቀባው።

ብረት ከብረት — ምሽት 3፡20

በቃ፣ ሐይቁን ፍቱት፣ በነጻ ተለቋል።

አርኤችኤስ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ሱቅ ሄደህ እጅህን ብታሳርፍበት ጣትህ ይጠቁራል። እሱን ሳይጠርግ የቀባ ሰው ብረቱን ሳይሆን ዘይቱን ነው የቀባው። መጥረጉ ደግሞ ከመሞረድ ይቀድማል። ዘይቱ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ከሳብክ ወደ ጭረቱ ውስጥ ታስገባዋለህ እንጂ አታወጣውም።

ብየዳው ላይ የሚቀረው ቅርፊት እንደ ጠርሙስ ነው። ቀለሙ በደንብ ይይዘዋል፣ እሱ ግን ብረቱን አይዝም። ፀሐይ ሲመታው ብረቱ ይለጠጣል፣ ቅርፊቱ ይነሳል፣ ቀለምህንም ይዞት ይሄዳል። ለዚህ ነው እብጠቱ የብየዳውን መስመር ተከትሎ የወጣው።

ዋናው ጥፋት ግን የሰኔው ነው። ከተማችንን ዙሩና እዩ፤ ግማሹ በርና ግማሹ የመስኮት ግሪል ቀዩን ብቻ ለብሶ ዓመት ይቆማል። ባለቤቱ «አንቲረስት ተቀብቷል» ብሎ በሰላም ይተኛል። አንቲረስት ልብስ አይደለም፣ የውስጥ ልብስ ነው። ሆን ተብሎ ሻካራ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ የላዩ ቀለም እንዲይዘው። ዝናብ ላይ ብቻውን ከተውከው ውሃው ሰርጎ ይገባል። አንተ በሐምሌ ጥቁሩን ስትቀባ ዝገቱ ቀድሞ ጀምሯል፤ ውሃውን ከውስጥ ቆልፈህበታል።

ሞለኪውል — ምሽት 3፡48

እኔ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ ስለ ጨው የተባለውን አርሜ ልለፍ። የሀዋሳ ሐይቅ ከውስጡ የሚወጣ ወንዝ ባይኖረውም ጨዋማ አይደለም። ጨው የሚፈልግ ወደ አብያታና ሻላ ይሂድ። እዚህ በሩን የሚበላው ጤዛው ነው። ብረት ሌሊት ሙቀቱን ቶሎ ይለቅና ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፤ ከሐይቁ የሚመጣው እርጥብ አየር ሲነካው ውሃ ይሆናል። አንተ ላብ ያልከው ይኼ ነው። ዝገት ውሃና ኦክስጅን ካገኘ ሌላ የሚጠይቀው የለም። የተፈጠረው ዝገት ደግሞ ከጠፋው ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያነሳዋል።

ቀለም ቀቢዎች በዓለም ላይ የሚከተሉት ልማድ አለ፤ የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ ካለፈ አይቀቡም፣ የብረቱም ሙቀት ጤዛ ከሚይዝበት ነጥብ ቢያንስ 3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። መለኪያ ከሌለህ ብረቱን በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ አብሰው። እርጥበቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ የዚያን ቀን ሥራ የለም፣ ቡናህን ጠጣ።

አዳማ ነፋሱ — ምሽት 4፡05

እናንተ በውሃ ታለቅሳላችሁ፣ እኛ በአቧራ። አዳማ ላይ ከሰዓት በኋላ ሲንተቲክ የቀባ ሰው ማታ በሩን ሲዳስሰው ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ያገኘዋል። ሌላው በሽታ ሙቀቱ ነው። እጅ የሚያቃጥል ላሜራ ላይ ከቀባህ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ ያልወጣው ቲነር ያፈነዳዋል፣ ትንንሽ አረፋ ይሆናል። እኔ ጥላውን እየተከተልኩ ነው የምቀባው፤ ጠዋት የምዕራቡን ፊት፣ ከሰዓት የምሥራቁን። ነፋስ ከተነሳ ክዳኑን ዘግቼ ቁጭ ነው።

ላብ ያለበው በር — ጥቅምት 4፣ ጠዋት 1፡30

እግዜር ይስጣችሁ። ስለዚህ ሁሉም ይላጥ ነው የምትሉት? እንጨቱስ?

ብረት ከብረት — ጠዋት 2፡10

ሁሉም አይላጥም፣ ገንዘብህን አታቃጥል። ደህና የሚመስለው ቦታ ላይ በምላጭ አራት መስመር በቁም፣ አራት በአግድም ጫር፤ እንደ ዳማ ሰሌዳ ይሁን። የሚያጣብቅ ፕላስተር ለጥፈህ በአንዴ ንጠቀው። ካሬዎቹ ይዘውት ከመጡ ያ አካባቢ ይላጥ። ከቀሩ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማደብዘዝ ብቻ ይበቃቸዋል። ያበጠውን ግን በግራይንደርና በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ። የተላጠውና ያልተላጠው የሚገናኙበትን ጠርዝ አስተኛው፣ ጣትህ ደረጃ እንዳይሰማው።

ከዚያ ሁለት ጨርቅ ያዝ፤ አንዱ ቲነር የነካው፣ ሌላው ደረቅ። በአንድ ጨርቅ ብቻ የሚጠርግ ሰው ቅባቱን ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል እንጂ አያነሳም። የተራቆተው ብረት እዚያው ቀን አንቲረስት ይልበስ። ለነገ ካሳደርከው የሀዋሳ ጤዛ ቀድሞህ ይቀባዋል፣ በብርቱካንማ።

አሁን ብዙ ሰው የማያደርገውን ልንገርህ። ቀለም ሹል ጠርዝ አይወድም፣ ከጫፉ ይሸሻል። አርኤችኤሱ ማዕዘን ላይ፣ ብየዳው ላይና ማጠፊያው ሥር ቀለሙ ሁልጊዜ ከሌላው ቦታ ይሳሳል። ስለዚህ መጀመሪያ እነዚህን ብቻ በትንሽ ብሩሽ ቀብተህ፣ ሲጠነክር ሙሉውን ትቀባለህ። አንቲረስት ሁለት እጅ፣ ሲንተቲክ ሁለት እጅ፤ በየመሃሉ አንድ ቀን ሙሉ። እርጥብ ከሆነ ሁለት ቀን። ቀቢው «ቶሎ እንዲደርቅ» ብሎ ቤንዚን ሲጨምርበት ካየኸው ብሩሹን ተቀበለው። ጣሳው ላይ በተጻፈው ማቅጠኛና በተጻፈው መጠን ብቻ። እንደ ውሃ የቀጠነ ሦስት እጅ የአንድ እጅ ያህል ውፍረት የለውም።

ፈጣኑ — ጠዋት 2፡31

ኮካ ዝገት ያነሳል ይባላል 😄

ሞለኪውል — ጠዋት 2፡44

ትንሽ ፎስፎሪክ አሲድ ስላለው ቀጭን ዝገት ይነካካል። ስኳሩ ግን ብረቱ ላይ ይቀራል፣ ጉንዳን ትጠራለህ። ሱቅ የሚሸጠው ዝገት ለዋጭ ያንኑ አሲድ በብዛት፣ ወይም ታኒን የያዘ ነው። ታኒን የግራር ቅርፊት ውስጥ ያለው፣ ቆዳ የሚለፋበት ነገር ነው፤ ዝገትን ሲያገኝ ጥቁር ያደርገዋል። የበራችን ጥቁር እንባም የዚሁ ዘመድ ነው። እንጨት ውስጥ ታኒን አለ፣ ምስማሩ ብረት ነው፣ ዝናቡ አገናኛቸው፤ ቀለም ብጥብጥ ሠሩ። ምስማሩን አውጥቶ በጋልቫናይዝድ (ዚንክ በተለበጠ) ወይም በስቴንለስ ብሎን መተካት ነው።

ዋንዛና ጥድ — ጠዋት 4፡00

የእንጨቱን ለእኔ ተዉልኝ።

የውስጥ ቫርኒሽ ነው የተቀባልህ፣ ምናልባትም ኒትሮ፣ ያ ቶሎ የሚደርቀው የቲነር ቫርኒሽ። ኒትሮ ለቁም ሳጥን ግሩም ነው። በእርጥብ ቀን ሲረጭ ግን ቲነሩ ሲተን ላዩን ያቀዘቅዘዋል፣ ውሃ ይይዝና ነጭ ይሆናል። ውጭ ሲውል ደግሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እንጨት ይተነፍሳል፤ በክረምት ይወፍራል፣ በበጋ ይከሳል። አብሮት የማይለጠጥ ልብስ ይቀደዳል።

ሁለተኛ፣ ጥርት ያለ ቫርኒሽ መስታወት ማለት ነው። ፀሐይዋ ታልፍበታለች። ሀዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወደ ምድር ወገብም ቅርብ ነን፤ ጨረሩ ቀላል አይደለም። እንጨቱን አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን ከቫርኒሹ ሥር ይፈጨዋል። ቫርኒሹ የተነሳው እሱ ደክሞ አይደለም፤ የያዘው የእንጨት ገጽ ዱቄት ሆኖበት ነው። የተላጠውን ቁራጭ ገልብጠህ እየው፣ የእንጨት ፀጉር ይዟል።

ስለዚህ ሦስት መንገድ አለህ። አንዱ ለጀልባና ለውጭ የሚሠራው፣ ጨረር መከላከያ ያለው ቫርኒሽ። የመጀመሪያው እጅ እኩል በእኩል በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ይቅጠን፣ እንጨቱ ይጠጣው፤ ከዚያ ሦስት ወይም አራት እጅ ሳይቀጥን፣ በየመሃሉ በ220 እየተደባበሰ። ያምራል። ግን በየሁለት ዓመቱ ሳይሰነጠቅ ካላደስከው እንደገና ትልጣለህ። ሁለተኛው ሙሉ ቀለም መቀባት ነው፤ እንደ ቀለም ጨረር የሚከለክል የለም። ግን ዋንዛን የሚያህል እንጨት ቀለም ቀብቶ መደበቅ እኔ እጄ እሺ አይለኝም፣ ያንን ካሰብክ ባህር ዛፍ ይበቃህ ነበር። ሦስተኛው ዘይት ነው፣ እኔ የምመርጠው። የፈላ የተልባ ዘይት፣ ትንሽ ቡናማ ቀለም የገባበት። እንጨቱ ውስጥ ስለሚገባ የሚላጥ ነገር የለውም። በየዓመቱ ከክረምት በፊት በጨርቅ አንድ ጊዜ መድገም ነው፣ የአንድ ቅዳሜ ሥራ።

የትኛውንም ብትመርጥ ጣውላውን ከፍሬሙ አውርደህ ስድስቱንም ፊት ቀባ። ሰው የሚታየውን ፊት ብቻ ይቀባል፤ ውሃው በጀርባ ይገባል፣ ጣውላው ይጎብጣል። የተቆረጠው ጫፍ ማለት የሸንበቆ አፍ ማለት ነው፣ ከጎኑ ብዙ እጥፍ ይጠጣል። ጫፉን መጠጣት እስኪያቆም ደጋግመው።

ጡረተኛው — ቀን 6፡20

ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ ከምትደክሙ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት። ከጋራዥ በነጻ ይገኛል። የአባቴ የግቢ አጥር ባህር ዛፍ ነበር፤ ሥሩን ቃጠሎ ነክረን ነበር የምንተክለው፣ ምስጥ አልደፈረውም። ለቤት ዕቃ ደግሞ ጎማላካ ነበር። በስፒሪት አሟሙተን፣ በጥጥ ጠቅልለን፣ መልክህ እስኪታይ ማሸት። የዛሬ ልጅ በኮምፕረሰር ረጭቶ ይሄዳል።

ዋንዛና ጥድ — ቀን 6፡50

ጋሼ፣ የጎማላካውን አልከራከርዎትም፣ እጄን የፈታሁት በእሱ ነው። ውጭ ግን ውሃ አይችልም። ቃጠሎውን ግን ይተዉልን። የሞተር ዘይት እንደ ተልባ አይደርቅም፤ ዓመት ቆይቶም ልብስ ያበላሻል። አንዴ የጠጣው እንጨት ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሌላ ቀለም አይዝም። መርዛም ብረታ ብረትም አለበት። በሩን ሕፃናት ይነኩታል፣ ሐይቁም ቅርብ ነው።

ጡረተኛው — ቀን 7፡15

ለበሩ ይሁንልህ። ለአጥር ቋሚ ግን አልተረታሁም።

የረከቦት እናት — ቀን 8፡00

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ይደርቃል አይደርቅም ስትሉ አንድ ነገር ገባኝ። ምጣድ በጎመን ዘር ስናሟሽ ዘይቱ በሙቀት ተለውጦ ጥቁር ለስላሳ ገጽ ይሆናል፣ ሲታጠብም አይለቅም። የተልባውም ነገር እንደዚያ ነው?

እግረ መንገዴን፦ ቡና ቤቴ ውስጥ ያለው ረከቦት ሲኒ ባረፈበት ሁሉ ነጭ ክብ አውጥቷል። ምን ይሻለኛል?

ሞለኪውል — ቀን 8፡25

እህቴ፣ ከእኔ የተሻለ አስረዳሽው። ተልባ ያለ እሳት፣ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ራሱን ያሟሻል። አይተንም፤ ይጣመራል። ጎመን ዘር ምድጃ ይፈልጋል፣ የሞተር ዘይት ምድጃም ቢሰጡት እንጨት ላይ እንደዚያ አይሆንልሽም።

ዋንዛና ጥድ — ቀን 8፡40

ረከቦቱ ጎማላካ ወይም ኒትሮ ነው፤ ሙቀትና እንፋሎት ነጭ ያደርገዋል። ስፒሪት በጣም ጥቂት የነካው ጨርቅ በስሱ ካለፈበት ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ አትፈትጊው። ለዘለቄታው ግን ይላጥና ሁለት ጣሳ ተቀላቅሎ የሚሠራው ፖሊዩረቴን ይረጭ። የጀበና ሙቀት ይችላል። ሲረጭ ማጠንከሪያው ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ ተራ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፣ በደንብ የታጠቀ ሰው ይርጨው። ጠጥሮ ሽታው እስኪጠፋ ሲኒ አታሳርፊበት።

ተልባ ለምትቀቡ ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር፣ አደራ። ያ ከአየር ጋር መጣመሩ ሙቀት ያወጣል። አንድ ማታ የቀባሁባቸውን ጨርቆች ካርቶን ውስጥ ጠቅጥቄ ቤት ገባሁ። የጎረቤት ዘበኛ ጭስ አይቶ ባይጠራኝ ኖሮ ዛሬ ወርክሾፕ የለኝም ነበር። ክብሪት የነካው የለም፣ ጨርቁ በራሱ ነው የነደደው። ወይ ውጭ ነጠላ ነጠላ አድርጋችሁ አስጡት፣ ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ጣሪያዬ — ጥቅምት 5፣ ጠዋት 3፡10

ባለበሩ ይቅርታ ያርግልኝ። ቆርቆሮ ጣሪያዬን በዚሁ ሲንተቲክ ቀብቼው ነበር፣ በዓመቱ እንደ ጋዜጣ ተነሳ። ዝገት የለውም፣ ከሥሩ አዲስ ነው የሚመስለው። ምን ይሉታል?

ሞለኪውል — ጠዋት 3፡35

ሳሙና ይሉታል። ቆርቆሮው ላይ ያለው ብረት አይደለም፣ ዚንክ ነው። ሲንተቲክ በዘይት የተሠራ ነው፤ ዘይቱ ከዚንኩ ጋር ሲገናኝ በጊዜ ብዛት በመሃላቸው ስስ የሳሙና ገጽ ይሠራል። ቀለምህ ሳሙና ላይ ተንሸራተተ። ለዚንክ ወይ ለጋልቫናይዝድ ተብሎ የተሠራ ፕራይመር (የሥር ቀለም)፣ ወይ የጣሪያ አክሪሊክ ነው። ዚንኩ ራሱ እኮ ጠባቂ ነው፤ ሲጫር እንኳ ከብረቱ ቀድሞ እሱ ይበላል። አዲስ ቆርቆሮ ለመልክ ካልሆነ ባትቀባውም ይኖራል።

ብረት ከብረት — ጠዋት 3፡50

አሮጌ ቀለም የምትሞርዱም ሰዎች፣ ድሮ እርሳስ ያለበት ቀለም ብዙ ነበር። አሁን ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል 90) እንዳይበልጥ የሚል ደንብ አለን፣ የድሮው በር ግን ደንቡን አላነበበም። በውሃ እያረጠባችሁ ሞርዱ፣ ልጆችን አርቁ።

ላብ ያለበው በር — ታኅሣሥ 19፣ ምሽት 1፡40

ጨርሻለሁ። የምላጩን ፈተና ግራ ክንፉ አለፈ፣ ቀኙ ወደቀ (ማምሻውን የተቀባው እሱ ነበር፣ አሁን ትዝ አለኝ)። ብረቱን ራሴ ከአንድ የጎረቤት ልጅ ጋር ሠራሁት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ብቻ እየሠራን፤ አምስት ቀን ፈጀ። ጣውላውን አውርደን በ80፣ በ120፣ በ180 ሞረድነው። ጥቁሩ እንባ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን ብሎኑ ሸፈነው። ተልባ ሦስት ጊዜ ጠጣ። በጋሼ ምክር ቃጠሎ ባልቀባም ሽታው ለሁለት ሳምንት ግቢውን የቅባት መጭመቂያ አድርጎት ነበር።

ዋንዛና ጥድ — ምሽት 2፡00

ጨርቆቹስ?

ላብ ያለበው በር — ምሽት 2፡03

ባልዲ ውስጥ ናቸው፣ ዛሬም።

ላብ ያለበው በር — ነሐሴ 27፣ ጠዋት 2፡20

ክረምቱ እየወጣ ስለሆነ ሪፖርት ላድርግ። እንጨቱ ትንሽ ፈዘዘ እንጂ የተነሳ ነገር የለም። ብየዳው ላይ አንድም እብጠት አልወጣም። የግራው ክንፍ ታችኛው አግድም ግን ከሆዱ ሥር ዝገት ማንጠባጠብ ጀምሯል። ከውጭ ቀለሙ ደህና ነው፣ ከየት እንደሚመጣ አልገባኝም።

ብረት ከብረት — ጠዋት 2፡45

የዚያ አርኤችኤስ ጫፍ በላሜራ ተደፍኗል ወይስ ክፍት ነው?

ላብ ያለበው በር — ጠዋት 3፡30

ማጠፊያው በኩል ያለው ጫፍ ክፍት ነው። ከሥር በ6 ሚሊ መሰርሰሪያ በሳሁት። ግማሽ ጆግ ቡናማ ውሃ ወጣው።

ብረት ከብረት — ጠዋት 3፡41

ክፍቱን ጫፍ መስከረም ላይ በደንብ ሲደርቅ አስበይደው። የበሳኸውን ግን እንዳትደፍነው፣ ባለበት ይኑር።